ሽንት ቤቱስ የታለ?

ስለ ስኳር ሕመምተኞች የእግር አጠባበቅ የጀመርነውን ወግ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼዋለሁ፤ በስልክ የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ከሰፈራችን ትምህርት ቤት ስብሰባ ይዤው የመጣሁት ነገር አለ፤ ሳይቀዘቅዝ ላውጋችሁ።

ልጄ ቅዳሜም ሥራ ስለምትገባ ወላጅ ሲጠራ የምሄደው እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ የመንግሥት ነው፤ ከመርካቶ በእግር በሚደረስበት፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ በቆመበት አሮጌ ሰፈር መሐል ይገኛል። በአንድ ጎኑ ወፍጮ ቤት፣ በሌላው የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት፣ ከኋላው የቀበሌ ቤቶች ያዋስኑታል። ክፍሎቹ የጭቃ ናቸው፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል መምህሯ ጠመኔዋን አስቀምጣ እስኪያባራ ትጠብቃለች፤ ብትጮህም አትሰማምና።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባውን የከፈቱት “የምሥራች!” ብለው ነው። አሮጌዎቹ ክፍሎች ተራ በተራ ይፈርሳሉ፤ ግቢው ውስጥ ጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ይሠራል፤ አንድ ሺህ ያህል ልጆች ይይዛል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ፕላኑን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? በአንድ ዴስክ አራት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች አያት ነኝ።

ከዚያ መነጽሬን አደረግሁና ጠጋ ብዬ አየሁት። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ቤተ ሙከራ አለ፣ የኮምፒውተር ክፍል አለ፣ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከነእንግዳ ማረፊያው አለ። እኔ የምፈልገውን ግን አጣሁት።

“ልጄ፣ ሽንት ቤቱስ የታለ?” አልኩት።

አንዳንዶች ሳቁ። ያችን ጥያቄ ለምን እንዳስቀደምኳት ለመናገር ግን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ፤ የማፍርበትን ነገር ነው የምነግራችሁ።

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁልጊዜ እየሮጠች ነው። በሩን በርግዳ፣ ቦርሳዋን ወርውራ፣ ሰላም ሳትለኝ ቀጥታ ወደ ሽንት ቤት። እኔ ደግሞ “ይቺ ልጅ ሥርዓት አጣች” እያልኩ እቆጣለሁ። ኮዳዋን ጧት ሞልቼ እሰጣታለሁ፤ ማታ እንደተሞላ ይመለሳል። “ረስቼው ነው” ትለኛለች። ወደ ሦስት ወር ገደማ እንዲህ ከረምን። በኋላ ሌሊት መኝታዋን ታረጥብ ጀመር፤ ያውም በአራት ዓመቷ ያቆመች ልጅ። አንድ ቀን ሰውነቷ ተቃጠለ፤ እምብርቷ ሥር እያመማት አለቀሰች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሽንቷ ተመረመረና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆነ።

ዲፕሎማዬን የያዝኩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ ስንቷን እናት “ልጅሽ ሽንት ትቋጥራለች ወይ?” ብዬ ጠይቄያለሁ። የራሴን አልጠየቅሁም። ያን ቀን ማታ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

“እማማ፣ ሽንት ቤቱ በር የለውም እኮ” አለችኝ። “ወንዶቹ ያያሉ። ውኃ ከጠጣሁ ደግሞ ሽንቴ ይመጣል።”

ስምንት ዓመቷ ነው። ሳይጠጡ ሳይሸኑ የመዋልን ብልሃት ብቻዋን ፈልስፋ ነበር።

ለአያቶችና ለወላጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ “ምን ተማርሽ?” ብቻ ብለን አንለፍ፤ “ዛሬ ስንት ጊዜ ሸናሽ?” ማለትም ደንብ ነው። ሽንት መቋጠርና የሆድ ድርቀት ልጆችን ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መመላለስ፣ የቆመ የሌሊት ሽንት እንደገና መጀመር፣ ያለ ጉንፋን የሚመጣ ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ከቁም ሳጥን የተረፈ አንቲባዮቲክ አውጥቶ መስጠት የለም። እባካችሁ፣ በዚህ ነገር ከጎረቤቶቼ ጋር ሳይቀር ተጣልቻለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። መሐንዲሱ ጣቱን ከፕላኑ ጥግ፣ ከዘበኛው ቤት አጠገብ አሳረፈ። አሥር በር፤ አምስት ለሴት፣ አምስት ለወንድ፤ ሁሉም ምድር ላይ፣ ከሕንፃው ራቅ ብሎ። “ይኸው እማማ፣ አለ” አለኝ በትሕትና።

እኔ ደግሞ ሒሳብ አወጣሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች ብሎ ያወጣው መለኪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ ሽንት ቤት፣ ለ50 ወንዶች አንድ ሽንት ቤትና የመሽኛ ቦታ ይላል። ከአንድ ሺህ ልጆች እኩሌታው ሴት ቢሆን ለሴቶች ብቻ ሃያ በር ነው። የተሣለው አምስት። መለኪያውን እንኳ እንተወው፤ የዕረፍት ሰዓቱን እንውሰድ። ዕረፍቱ 20 ደቂቃ ነው። አንዲት ልጅ ገብታ፣ ልብሷን አስተካክላ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅባት በአንድ በር አሥር ልጅ ያልፋል፤ በአምስቱ ሃምሳ። አራት መቶ ሃምሳዎቹ ተሰልፈው ደወል ይደወላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ደግሞ ደረጃውን ወርዳ እስክትደርስ ሰልፉ ግቢውን ዞሯል።

አሁን የሚስቅ አልነበረም።

ወጣቱ መሐንዲስ ግን ዝም ብሎ ጥግ ላይ አላስቀመጠውም፤ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም ልነግራችሁ ይገባል። “እማማ፣ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፎቅ ላይ ሽንት ቤት አድርገን ውኃ ሲጠፋ ሽታው ክፍል ይገባል። ቧንቧ ሲያፈስ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ይበሰብሳል። ከዚያ ይቆለፋል፤ ተቆልፎም ይቀራል” አለ። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረ የሕሙማን ሽንት ቤት ከዓመት በላይ ተቆልፎ አውቃለሁ፤ ሕሙማኑ ጉሉኮስ እጃቸው ላይ እንደተሰካ ምድር ድረስ ይወርዱ ነበር።

መላውን ያመጣው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ አባት ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሽንት ቤቶቹን ፎቅ በፎቅ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ከደረጃው ጎን ለብቻ ማቆም ይቻላል አለ። ቧንቧው ሁሉ በአንድ መስመር ይወርዳል፤ ከውጭ ተከፍቶ የሚጠገን ይሁን፤ ከሥሩ ክፍል ስለሌለ ቢያፈስም የሚበሰብስ ኮርኒስ የለም። ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ላይ ሮቶ ይሰቀል፤ ውኃ በመጣ ቀን ይሞላል። መቀመጫውም በጣሳ ውኃ የሚለቀቅ ቀላሉ ይሁን፤ ቁልፉ የሚሰበረው ዘመናዊው አይሁን። መሐንዲሱ እርሳሱን አወጣና ጻፈ። እንዲህ ያለ መሐንዲስ ይባረክ።

አንዲት እናት የጣሪያውን ዝናብ ለምን አናጠራቅምም ብለው ጠየቁ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ አይሰስትም። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ለየካቲት የሚተርፍ ገንዳ መቆፈር አይቻልም። ለሰኔና ለመስከረም ግን ይጠቅማል ተባለና ታለፈ።

ከዚያ ስለ ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አቀርቅረው ነበር፤ እኔ ግን ነርስ ነኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚያስተምር ግቢ ውስጥ የወር አበባ የሚያዩ ልጆች አሉ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት በ1960ዎቹ ያ ቀን ሲመጣ ቤት ነበር የምቀረው፤ እናቴም “አመማት” ብላ ለመምህሬ ትልክ ነበር። በወር ሦስት ቀን ሲጠፋ በዓመት ስንት ትምህርት እንደሚያመልጥ አስቡት። ሞዴስ በነፃ ማደል ጥሩ ነው፤ የምትቀይርበት ቦታ ከሌላት ግን ሞዴሱ ቦርሳዋ ውስጥ ይውላል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከውስጥ የሚቀረቀር በር፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ፣ ቧንቧውም ከደጅ ሳይሆን እዚያው በሩ ውስጥ። ልብሷ የነካት ልጅ በሰልፍ መሐል አልፋ ደጅ ካለው ቧንቧ አትታጠብም። እነዚህ ሦስቱ ፕላን ላይ ሳሉ ቢጨመሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚባለው ለበርበሬ ብቻ አይደለም።

መስኮቱ ላይ ግን ተሸነፍኩ። በየሕንፃው የምታዩት ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት አለ አይደል? ያ መስኮት ሁሌም የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፤ አንዱ መስተዋት በሌላው ላይ ይደረባልና። ሃምሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሳይታወቅ ቢያስል፣ የሚያድነን ነፋሱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ሆስፒታሎች የታተመ ጥናት አለ፤ ሥራ ላይ ሳለሁ በሥልጠና ላይ የሰማሁትና ያልረሳሁት ነው። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በመካከለኛ ግምት 28 ጊዜ ይለወጣል፤ ለዚሁ ተብሎ በማሽን አየር በሚወጣላቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች 40 ጊዜ ሲለዋወጡ አዳዲሶቹ 17 ብቻ። የድሮዎቹ ግንበኞች የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው።

መሐንዲሱ ራሱ አሳምሮ ያውቀዋል። እንዲያውም ሕንፃው ረጅም ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢያይ የጧትና የማታ ፀሐይ ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን እንደማይመታ፣ መስኮትም በሁለቱ ጎን ፊት ለፊት ሲሆን ነፋሱ ክፍሉን አቋርጦ እንደሚያልፍ ያስረዳኝ እሱ ነው። ያንን በፕላኑ ላይ አድርጎታል። በማጠፊያ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውን መስኮት ግን በጀቱ አይፈቅድም፣ ጨረታው ወጥቷል አለኝ። የብየዳው ቤት ድምፅ በሚገባበት ጎንስ ቢከፈት ምን ይጠቅማል ብሎም ጠየቀኝ። ለዚያ መልስ አልነበረኝም።

በጣም ያከራከረን ግቢው ነው። ፕላኑ ላይ ሕንፃው የቆመው መሐል ሜዳው ላይ ነበር። መሐሉ ላይ መሥራት ለኮንትራክተሩ ይቀላል፤ አሮጌዎቹን ክፍሎች ሳያፈርስ ሥራ ይጀምራል፤ ልጆቹም በመሐል ትምህርት አያቋርጡም። ይህም እውነተኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያ ሜዳ በእኛ ሰፈር ልጅ የሚሮጥበት ብቸኛ ቦታ ነው። ልጆቻችን የሚኖሩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ከበሩ ሲወጡ መኪና፣ ባጃጅ፣ የተከፈተ ቦይ። ከሜዳው ዳር ያለችውን ዝግባ እኔ ራሴ በልጅነቴ አውቃታለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ከቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የተገኘ ጥናትም ሜዳ ለዓይን እንደሚጠቅም ያሳያል። የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ለ40 ደቂቃ ደጅ እንዲውሉ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቁን ማየት የተሳናቸው ከመቶው 30 ያህል ሆኑ፤ ጭማሪው ካልተደረገላቸው ግን ወደ 40 የሚጠጉ። መነጽር ስንት ብር እንደገባ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ይህን ስናገር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ “ለሜዳ ሲባል ልጆች በጭቃ ቤት ይቀጥሉ ነው የምትይው?” አሉኝ። አይደለም። ሕንፃው ከኋላ አጥሩን ተከትሎ ቢቆምና ሥራው በሁለት ዙር ቢሄድስ ነው ያልኩት። መሐንዲሱ ያኔ ጊዜው በአንድ ዓመት ይረዝማል አለ። የልጅ ልጃቸው ስድስተኛ ክፍል የሆነ አያት ለአንድ ዓመት ሲሉ መቆጣታቸው አይገርመኝም፤ የእሳቸው ልጅ አዲሱን ሕንፃ ሳያይ ሊወጣ ነው። ያለ ስምምነት ተበተንን፤ ሽማግሌውም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚቀበሉኝ።

የቀሩት ነገሮች በቶሎ ያለቁ ናቸው። አንድ የነበረው ደረጃ ሁለት ይሁን፣ የክፍል በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ፣ ለትንንሾቹ ዝቅ ያለ ሁለተኛ የእጅ መደገፊያ ይደረግ ተባለ። ለምገባው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧዎችም ከመመገቢያው በር ላይ፣ በአንደኛ ክፍል ልጅ ቁመት። አንዲት እናት፣ እግሩ የማይሄድለትን ልጇን በጀርባዋ አዝላ የምታመጣ፣ ቀስ ብላ “የእኔ ልጅ ስንተኛ ፎቅ ይማራል?” አለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚገባበት መግቢያና የሚጠቀምበት መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። መሐንዲሱ መወጣጫውን በፕላኑ ላይ አሳያት። “ሲያድግስ? ቤተ ሙከራው አራተኛ ላይ ነው” አለች። ርዕሰ መምህሩ የእሱ ክፍል ሁልጊዜ ምድር እንዲሆን፣ ቤተ ሙከራውም እንዲወርድ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አደረጉ። የእንግዳ ማረፊያቸውን ነው የለቀቁለት። ስለ ጥጉ ሽንት ቤት ያማኋቸውን ያህል ይህንንም መናገር አለብኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የተስተካከለው ፕላን መጣ። ሽንት ቤቱ ከደረጃው ጎን ተደርቧል፤ ሃያ ስምንት በር ሆኗል፤ አሥራ ስምንቱ ለሴት። መስኮቱ ያው ተንሸራታቹ ነው። ሕንፃው ወደ ኋላው አጥር ተጠግቷል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ከሜዳው እኩሌታው ተርፏል፤ ዝግባዋ ትቆረጣለች። ዙሩ አንድ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ጊዜው አይረዝምም።

ሕንፃው እስኪያልቅ የልጅ ልጄ አምስተኛ ክፍል ትደርሳለች። እስከዚያ ድረስ ሳትጠጣ ልትውል አይደለም ብለን ወላጆች ተመካከርን። ያ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የብየዳ ቤቱ ባለቤትና እኔ ገንዘብ አሰባሰብን። ባለ ብየዳው ለአሮጌው ሽንት ቤት ስድስት የቆርቆሮ በር በዕቃው ዋጋ ብቻ ሠራልን፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ባለ ቧንቧው በርሜል አስቀምጦ ከሥሩ ቧንቧ ገጠመለት። ሳሙናውን ቤት ለቤት በተራ እንሰጣለን፤ ይሰረቃል፣ እንደገና እንሰጣለን።

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት በእግሯ ተራምዳ መጣች። ቦርሳዋን መስቀያው ላይ ሰቀለች፤ ጉንጬን ሳመችኝ። ኮዳዋን አንሥቼ ነቀነቅሁት፤ ባዶ ነው።

“እማማ፣ ሦስተኛው በር ይጮኻል” አለችኝ፤ “ዘይት ያስፈልገዋል።”